ከኮምፔርሳቶው ማዶ

ማስተማርን የተማርኩት ከኮሌጅ አይደለም። ኮሌጅስ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ዲፕሎማዬም እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወለወላል። እኔን አስተማሪ ያደረገኝ ግን አንድ ኮምፔርሳቶ ነው። ከመሳቃችሁ በፊት እስክጨርስ ታገሡኝ።

ትምህርት ቤታችን ተማሪ ሲበዛበት አንዱን ሰፊ ክፍል መሃሉን በስስ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ከፍሎ ሁለት አደረገው። ከወዲህ ስድስተኛ ሀ፣ ከወዲያ ስድስተኛ ለ ሆኑ። ኮምፔርሳቶው ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮ የለም፤ በአንዱ ክፍል ያስነጠሰ ልጅ በሌላው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። እኔ ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ሒሳብ የሚያስተምሩት እትዬ ለምን ናቸው። እኔ ሀ ስገባ እሳቸው ለ ይገባሉ፤ እኔ ወደ ለ ስዞር እሳቸው ወደ ሀ ይዞራሉ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሳንተያይ እየተሰማማን አስተማርን።

«እትዬ ለምን» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ተማሪ ነው። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ትክክለኛውን መልስ ጽፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል «ለምን?» ይሉታል። «ስምንት ነው ቲቸር» ሲላቸው «ለምን ስምንት ሆነ? ዘጠኝ ምን በደለ?» ይላሉ። ልጁ ላብ እያጠመቀው ሲያስረዳ «እሱስ ለምን?» ብለው ይቀጥላሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የምትለዋ አባባል ከአፋቸው አትጠፋም። እኔን ደግሞ የተጠቀለለ ካርታ ከብብቴ ስለማይጠፋ «ካርታው» ይሉኛል። ተማሪ ስም ሲያወጣ አይስትም።

ከመጀመሪያው ወሬ ልጀምርላችሁ። አዲስ በተመደብኩበት ወር እጮህ ነበር። እኔ ስጮህ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እነሱ ሲጮሁ እኔ እብሳለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ለባለሱቁ «ሳሙና» ለማለት እንኳ ድምፅ አይተርፈኝም። አንድ ቀን እንደልማዴ እያገሳሁ ሳለ ከማዶ በዳስተሩ እንጨት ኮምፔርሳቶው ሁለት ጊዜ ተመታ። ኳ፣ ኳ። በእረፍት ሰዓት እትዬ ለምን መጡና አጠገቤ ቆሙ። ቀጠን ያሉ፣ ቀሚሳቸው እጅጌው ላይ ምንጊዜም ጠመኔ የማይጠፋው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ከበሬታህን በጉሮሮህ አትፈልገው» አሉኝ። «ድምፅህን ዝቅ አድርገው። ለመስማት ሲሉ ራሳቸው ዝም ይላሉ።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ዲፕሎማ ያለው ሰው ምክር አይወድም። ግን በማግሥቱ ጉሮሮዬ ጨርሶ ስለተዘጋ ያለ ውዴታዬ ዝቅ ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ትምህርቱን ጨርሼ ካርታዬን ስጠቀልል ከማዶ አንዲት ምት መጣች። ኳ። በቃ፣ አንድ ብቻ። ደመወዝ ቢጨመርልኝ ያን ያህል ደስ አይለኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ምት «ዝቅ በል» ነው፣ አንድ ምት «አበጀህ» ነው። አንድም ቀን በቃል ተነጋግረንበት አናውቅም።

የሚያስተምሩትንም በዚያው ጆሮዬ ቀሰምኩ። ያልገባው ልጅ ሳያፍር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የገባው ልጅ እንዴት ሳይታበይ እንደሚቀመጥ፣ ቀልድ መቼ ጣል እንደሚደረግ። የሰማሁትን በነጋታው እንደራሴ አድርጌ አወጣው ነበር። ውለታ ብዬ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ሰው የሚተነፍሰውን አየር አያመሰግንም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ሲወጣ ስብሰባ ተጠራን። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን እያነበበ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከመቶ ሠላሳ አንድ ተማሪ ያለፈው ሃያ ሁለት ነው።

«መምህርት፣ እስቲ ይነሡና ያስረዱን» አለ።

እትዬ ለምን ተነሡ። ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩ ሴት፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ በሰው ፊት ቆሙ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ልጅ እንደሚደርስ፣ ከልጆቹ ብዙዎቹ የማባዛት ሠንጠረዥ ሳይዙ እንደመጡ፣ እሳቸው ከታች እንደጀመሩላቸው መናገር ጀመሩ። ከኋላ ወንበር ፊሽካ እንጂ ፈተና የማያውቀው የስፖርት መምህር «ሰበብ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

እኔስ? እኔ ጫማዬን አያለሁ። በክፍሌ ግድግዳ በኩል የሰማሁት ሁሉ ምስክር ነበር፤ ሌላ ማንም የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ዝም አልኩ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይነቅዛል። የኔው ነቅዞ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከኮምፔርሳቶው ማዶ «ለምን» ጠፋ። እትዬ ለምን ይገባሉ፣ ካረጀ ደብተራቸው ሰሌዳው ላይ ይገለብጣሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ይወጣሉ። በአንዱ ቀን የኔ ክፍል ስለ ወንዞች ሲከራከር ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ። ሁለቱን ምት ጠበቅሁ። አልመጣም። የዚያን ቀን ፈራሁ።

ባለቤታቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጠዋት ጠዋት የምሳፈረው በእሳቸው አውቶቡስ ስለሆነ ከጀርባቸው ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ እናወራለን።

«እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚታረም የደብተር ቁልል ፊቷ ሲቀመጥ ራሷን ያማታል» አሉኝ አንድ ቀን መሪያቸውን እያዞሩ። «ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ከራሷ እስከ እግሯ መረመራትና ሥራዋን ጠየቃት። አስተማሪ ነኝ ስትለው፣ ሌላ ሳይጠይቅ 'ይረፉ' ብሎ ጻፈላት። እኔ ደግሞ ሥራዋ ማረፊያዋ ነበር ባይ ነኝ። ድሮ እራት ላይ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ታወራልኝ ነበር። እገሌ ገባው፣ እገሊት ጥርሷ ወለቀ። ቤታችን ውስጥ መቶ ሠላሳ ልጅ ያለን ይመስለኝ ነበር። አሁን 'እንዴት ዋልሽ?' ስላት 'ዋልኩ' ትለኛለች። በቃ፣ ዋልኩ።»

ካርታዬን ይዤ ተነሣሁ። ፌርማታዬም ደረሰ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ልጅ ማስመሪያ ከእጇ ወድቆ ድምፅ ስላሰማ እትዬ ለምን ከክፍል አስወጧት። ልጅቷ በረንዳው ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ልጅ አስወጥተው አያውቁም።

ከሳምንት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ባለው ቧንቧ ጠመኔ ከእጃቸው እየታጠቡ ነገሩኝ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ክፍት ቦታ አለ፤ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ ርዕሰ መምህሩ የሚመጣው ዓርብ ፈርሞ ይልከዋል።

«ፋይል አይጮህም» አሉ። «ፋይል ፈተና አይወድቅም። ስለ ፋይልም በስብሰባ የሚያስነሣ የለም።»

እኔም ጅል «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩ። አፌ ይቆረጥ። ዓርብ ሊደርስ አምስት የሥራ ቀን ቀርቶት ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩበትን ግድግዳ በአንዲት ደብዳቤ ላጣ ነው፣ የምላቸውም ይህ ሆነ።

ሰኞ ዕለት እኔ ሀ፣ እሳቸው ለ ነበርን። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል እያስተማሩ ነው። ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጣችሁ አባዙ፤ ምሳሌ አንድ፣ ሦስት ሲካፈል ለአንድ ሁለተኛ። በማግሥቱም እኔ ሀ፣ እሳቸው ለ። ያው ትምህርት፣ ያው ምሳሌ አንድ፣ ያው ምሳሌ ሁለት፣ ቃል በቃል። «ክለሳ ይሆናል» ብዬ ካርታዬን ዘረጋሁ።

ረቡዕ በመምህራን ማረፊያው ውስጥ እትዬ ለምን የስድስተኛ ለን ደብተር ቁልል አድርገው ያርማሉ። እኔ ሻይ እጠጣለሁ። ቀዩ እስክርቢቶ ቀጥ አለ። ሌላ ደብተር አነሡ፣ ገለጡ፤ ሌላም አነሡ፣ ገለጡ።

«ካርታው፣ እስቲ ና።»

ሄድኩ። ሰኞ ተብሎ ቀን የተጻፈበት ገጽ ላይ ክፍልፋይ ማካፈል አለ። ማክሰኞ በተጻፈበት ገጽ ላይ ያው አለ። ሀ እና ለ ተምታተውባቸው፣ ሰኞ ያስተማሩት ለን ሳይሆን ሀን መስሏቸው፣ ለን መልሰው አስተምረውታል። ሁለት ክፍል ይዞ አንድ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ሁሉ የሚፈራው ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ገና ርዕሱን ስትጽፍ ሠላሳ እጅ ይወጣና «ተምረነዋል!» ይሉሃል። እዚህ አንድም እጅ አልወጣም። ስድሳ አራቱም ደብተሮች ውስጥ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዳንዱማ ርዕሱን በሁለቱም ቀን በቀይ አስምሮበታል።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አልኩ። ለምን እንደተናገርኩት አላውቅም፤ መዋሸት አልቻልኩም።

«ሰምተህ ነበር?»

«ክለሳ መስሎኝ…»

«አንተም ዝም አልክ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ያቺ «አንተም» ስብሰባውንም ደብተሩንም አንድ ላይ ይዛ ሆዴ ውስጥ ገባች።

ደብተሮቹን ቀስ ብለው ደረደሩ። «ለካ ቆሜ ነው የተኛሁት» አሉ። «እንቅልፋም አስተማሪ ይዘው ልጆቹ ምን ያድርጉ? ዓርብ ሩቅ ነው፤ ዛሬውኑ ቢልክልኝ ይሻላል።» ተነሥተው ወጡ። ደግነቱ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሄዶ ነበር። ስብሰባን ያመሰገንኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እሳቸው ለ፣ እኔ ሀ ገባን። ተማሪዎቼን ካርታ እንዲስሉ አዘዝኳቸውና ወደ ኮምፔርሳቶው ተጠጋሁ። አልዋሽም፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ተማሪዎቼም እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ማክሰኞ የጻፍነው ሰኞ የጻፍነውን መሆኑን ያወቀ እጁን ያውጣ» አሉ እትዬ ለምን።

እጅ መውጣት ድምፅ የለውም፤ የስድሳ አራት ልጅ ግን አለው። ወንበሮቹ ሁሉ ባንዴ ሲንቋቁ ሰማሁ።  ከዚያ አራት ወር ያልሰማኋት ቃል መጣች።

«ለምን?» አሉ። «ለምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?»

የክፍሉ አለቃ እናቷ ሆስፒታል አንሶላ የምታጥብ ድምፀ ቀጭን ልጅ ናት። እሷ ተነሣች።

«ቲቸር፣ እናቴ ሲደክማት ምግቡ ውስጥ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች» አለች። «ዝም ብለን እንበላለን። ውኃ ብዙ እንጠጣለን። እርስዎም የደከመዎት መስሎን ነው።»

ማንም አልሳቀም።

«እኔ ልናገር ነበር» አለ ከኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ። «እሷ ናት በእጇ ተው ያለችኝ።»

«እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል» አለ ሌላው። «ሰኞ ምንም አልገባኝም። ማክሰኞ ትንሽ ገባኝ።»

«ምኑ ገባህ?»

«ሁለተኛው ክፍልፋይ ተገልብጦ እንደሚባዛ።»

«ለምን ይገለበጣል?»

ልጁ አሰበ። «እሱን አልነገሩንም ቲቸር። በሁለቱም ቀን አልነገሩንም።»

እኔ ከወዲህ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከማዶ ግን ሳቅ መጣ። የእትዬ ለምን ሳቅ፤ መጀመሪያ በአፍንጫ፣ ቀጥሎ በሙሉ ደረት።

«ልክ ነህ» አሉ። «ሁለት ቀን አስተምሬ ዋናውን ደብቄብሃለሁ። ጠመኔ ስጡኝ።»

ሦስት ዳቦ ሳሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ግማሽ ብንሰጥ ለስንት ልጅ ይበቃል? ጫጫታ ተነሣ። ሦስት የነበረው ተካፍሎ እንዴት በዛ? ማካፈል ያሳንሳል ያለን ማነው? ለምን አመንነው? በሩብ ብንቆርሰውስ? የሩቡ መልስ ከስድስተኛ ለ ከመውጣቱ በፊት የኔው ሀ ከወዲህ በአንድ ድምፅ «አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። ስድስተኛ ለም ከማዶ «የኛ ጥያቄ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ሁከት ሆነ፤ እኔም አብሬ ስጮህ ነበር።

ኳ፣ ኳ።

ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ያልተጻፈ ነገር አጠፋሁ። ተማሪዎቼ ፊቴን እንዳያዩ ነው።

«ቲቸር፣ ሁለት ጊዜ ተመታ» አለች ከፊት የምትቀመጠው ልጅ። «ዝም እንበል?»

«ዝም በሉ» አልኳት። ድምፄ ራሱ ዝቅ ብሎ ነበር።

በእረፍት ሰዓት እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደኔ መጡ። «ካርታው፣ አንድም ሰው የማያየኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ስድሳ አራቱም ያዩኝ ነበር።» ከዚያ ዞር ብለው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ፊታቸው ጠመኔ ብቻ ሆነ። እንደዚያ ሆነው ማስመሪያ የወደቀባትን ልጅ ፈልገው ሄዱ። በጓደኞቿ ፊት አስወጥተዋት ስለነበር በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቋት።

ዓርብ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አብሬያቸው ገባሁ። ደብዳቤው ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ሰው ቢሮ ለመግባት ደጅ ይጠናል፤ እርስዎ በሩ ላይ ደርሰው ይመለሳሉ?» አለ።

«ሁለቴ ጀምሬ ያልጨረስኩት ትምህርት አለ።»

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አቀበላቸው፤ ሲያቀብላቸው ግን ወረቀቱን ቶሎ አልለቀቀም። «ያን ቀን ያስነሣሁዎት…» አለ፣ «እኔም ጠዋት ላይ የበላዮቼ ተቆጥተውኝ መጥቼ ነበር። የወረደብኝን ነው ያወረድኩብዎት።»

«እኔ ደግሞ አንዲት ልጅ ላይ አወረድኩት» አሉ እትዬ ለምን። «ቁልቁል ሲወርድ መጨረሻው እነሱ ናቸው። እዚህ እኛ ጋ ይቁም።»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጀምበር ተፈወሰ ብል አትመኑኝ። ራስ ምታቱ አንዳንድ እሑድ አሁንም ይመጣል፤ መጽሐፉም ያው አንድ ለአራት ነው። የእሑዱን ቁልል ግን ከቤታቸው አስወጣን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አራት አምስት ሆነን ማረፊያው ውስጥ ሻይና ዳቦ ይዘን የየራሳችንንም የሌላውንም ደብተር አብረን እናርማለን። የኔ እርማት ዝርክርክ ነው እየተባልኩ እሰደባለሁ። ባለቤታቸውም በአውቶቡሱ መስታወት እያዩኝ «ትናንት እራት ላይ ስለ አንዲት ጥርሰ ወላቃ ሰምቻለሁ» ይሉኛል፤ እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

የዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አነበበ። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ ያለፈው ሠላሳ ዘጠኝ። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አላስነሣም። ከኋላ ወንበር ግን ያ ባለፊሽካ «አሁንም ከግማሽ በታች ነው» አለ።

እትዬ ለምን ከጎኔ ተቀምጠው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል። ያ እጅ ጠበቅ ሲል አየሁ። ጫማዬን ለማየት ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ያው የባለፈው ስብሰባ ጫማ ስለነበር የሚታይ ነገር አጣሁ። ተነሣሁ። 

«እኔ ከእሳቸው ጎን ዘጠኝ ዓመት ተምሬያለሁ» አልኩ። «ክፍያ ሳልከፍል፣ ሳልመዘገብ፣ በኮምፔርሳቶ በኩል። ማስተማር የሚሉትን ነገር ያወቅሁት ከዚያ ነው። ባለፈው እዚህ ሲነሡ ይህን መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዘጠኙን ቁጠሩ፤ አርባኛው እኔ ነኝ።»

ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። ለመስማት ሲሉ ሁሉም ዝም ብለው ነበር፤ ባለፊሽካውም ጭምር።

ተቀመጥኩ። ወደ እሳቸው ለመዞር አፈርኩ። እሳቸውም አላዩኝም፤ ወደ ፊት ወደ ርዕሰ መምህሩ እያዩ፣ በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መቱት።

ኳ።